ሊቀ ቅጠላት ፓይሊ

ሐኪም የሌለበት ሰፈር አለ፤ መብራት የሌለበት ሰፈርም አለ፤ ቅጠል አዋቂ የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተፈጠረም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ስታስሉ በአጥሩ ላይ ብቅ የሚለው፣ ልጃችሁ ሲያስነጥስ ከመንገድ ማዶ "ዝንጅብል!" ብሎ የሚጮኸው፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሟቹ ምን ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አብሮን ይቀመጥ እንደነበር ለሚስቲቱ የሚያስረዳው ሰውዬ ነው። ብትሸሹት ዋጋ የለውም፤ ቤታችሁን ያውቀዋል።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ፓይሊ ናቸው። በልቤ ሊቀ ቅጠላት ፓይሊ እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን እንደ ሰዉ ሁሉ "ፓይሊ ቼታን" ነው የምላቸው፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቴ ነው። ከኮታያም ከተማ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ በሚያስኬደው መንደራችን ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስተኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ወሬው እግራቸው ጋ አልደረሰም መሰለኝ፣ ዙሩን ቀጠሉ። ሚስታቸው ሮሳማ ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሰው የለም። ስለዚህ ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ነጩን ሽርጣቸውን እስከ ጉልበት አጥፈው፣ ጃንጥላቸውን ክንዳቸው ላይ ሰቅለው፣ በደብዳቤ ፋንታ ጠርሙስ ያድላሉ። ጠርሙሶቹ ድሮ የብራንዲ ነበሩ። በማለዳ ከቄሱ በር ላይ ሆነው ያንን ጠርሙስ ሲያቀብሏቸው ያየ እንግዳ ምን እንደሚያስብ እናንተው ገምቱ።

ለሁሉም አላቸው። ለስኳር፣ ለጉልበት፣ ለልብ ድካም፣ ለራሰ በራነት። የሒሳብ አስተማሪያችን ፀጉር ያበቅልልዎታል ተብለው በእርድ ተለውሰው እስከ ፋሲካ ድረስ ቢጫ ራስ ይዘው ነው ያስተማሩት። ጋዜጣ ሲመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መጀመሪያ የሙታኑ ፎቶ የሚወጣበትን ገጽ ይገልጣሉ፤ እሳቸው ግን እንደ ሰው ሁሉ አያነቡትም፣ ይመረምሩታል። "ስልሳ ሁለት ዓመቱ። ፊቱን እዩት፣ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ በሶብላ ጠጥቶ አያውቅም!"

ስለ አንድ ነገር ግን ጠላትም አያማቸውም። ከቦርሳቸው ጎን የብረት ኩባያ ታስራለች። ለሰው የሚሰጡትን ሁሉ መጀመሪያ በዚያች ኩባያ ራሳቸው ይጠጡታል። ስኳር ሳይኖርባቸው የስኳሩን፣ ሆዳቸው ደህና ሆኖ የሆዱን። ለሴቶች ማኅፀን የሚሆነውን ሳይቀር ጠጥተውታል። ከዚያ በኋላ ነው ጠርሙሱን ዘርግተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ያቺን ቃላቸውን የሚሏት፤ "ቀምሼዋለሁ!"

የመንደሩ ልጆች ሳይቀሩ ሲጫወቱ "ቀምሼዋለሁ!" ይላሉ። እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል አንገቴ ሥር ጉብታ ወጣች። ንፍፊት ነው ብዬ ተውኩት። ሁለተኛዋ ብብቴ ሥር ወጣች። ኮታያም ሄድን፣ ቆርጠው መረመሩ፣ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገና ነገረኝ። ሐኪም ወንበሩን ጠጋ ሲያደርግ ፍሩ። ባሌ ቻኮ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ያ ነገር" ነው የሚለው። ጎረቤቶቼ እኔ ስመጣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሱቅ ስገባ ስለ ሽንኩርት የሚያወሩ ይመስላሉ። ሕመሙ ስም አልነበረውም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚያስፈራ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሌት ተቀን አብሮኝ ይቀመጣል፣ አብሮኝ ይበላል፣ ማንም አይጠራውም።

በሦስተኛው ቀን ፓይሊ አጥሩ ላይ ብቅ አሉና፣ መንገድ ላይ ላለ አውቶቡስ በሚሰማ ድምፅ፣

"አሌያማ ሞሌ! ካንሰር ነው አሉሽ?" አሉ።

ሞሌ ማለት ልጄ ማለት ነው። እኔ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ። ቻኮ ከእጁ ባልዲ ጣለ። አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስኩ።

"አዎ ፓይሊ ቼታን፣ ካንሰር ነው።"

"በይ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት!"

በማግስቱ የእሾሃማ ጊሽጣ ቅጠል መጣ። በሰልስቱ እርድ በቁንዶ በርበሬ። ከዚያ በሶብላ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው፣ አፍ የሚያንገፈግፍ፣ ቀለሙ የኩሬ ውሃ የሚመስል ነገር። ሐኪሙን ጠየቅሁ። "ሕክምናው እስኪያልቅ ከእኛ መድኃኒት ሌላ ምንም እንዳትቀምሺ፤ አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋር ተጣልቶ ጉበትሽን ይጎዳዋል" አለኝ። ይህንን ለፓይሊ ለመንገር ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያቺ ኩባያ ዓይኔ ውስጥ ገባችና ዘጋሁት። ስለዚህ በየጠዋቱ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ እቀበላለሁ፣ ጃንጥላው ከመታጠፊያው ሲጠፋ ጓሮ ዞሬ ፓፓያዋ ሥር እደፋዋለሁ። ማታ ሲያልፉ "ጠጣሽ ሞሌ?" ይሉኛል። "ጠጣሁ" እላለሁ። ፓፓያዋ በዕድሜዋ እንደዚያ ዓመት አፍርታ አታውቅም።

መድኃኒቱ በየሃያ አንድ ቀኑ ነው፤ ስድስት ጊዜ። ፀጉሬ በሁለተኛው ሳምንት ረገፈ። እሱስ ግድ የለም፣ ሻሽ አለ። ያስፈራኝ ጣቴ ነው። ጫፉ መደንዘዝ ጀመረ፤ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፤ ትኩሱንና ቀዝቃዛውን መለየት ተሳነኝ። በየዙሩ ድንዛዜው አንድ አንድ አንጓ ይወጣል። እየተጓዘ ያለው መድኃኒቱ ይሁን ሕመሙ አላውቅም ነበር። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ምግብ አልውጥ ይለኛል፤ የሆስፒታሉ ሽታ ገና ቤቴ ሳለሁ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል።

ለአራተኛው ዙር ፓይሊ "እኔም እሄዳለሁ" ብለው ተነሡ። ቻኮ መርፌ ሲያይ ራሱን ስለሚስት ኮሪደር ነው የሚቀመጠው፤ እሳቸው አልጋዬ አጠገብ ተተከሉ። ሲስተር ሺኒ የምትባለው፣ እኔን ቼቺ፣ ታላቅ እህቴ፣ የምትለኝ ነርስ የምትሰቅለውን ከረጢት ሁሉ መጠየቅ ጀመሩ።

"ይሄኛው ከምን ቅጠል ነው?"

"ቅጠል አይደለም አፓቻ፣ ለማቅለሽለሽ ነው።" አፓቻ ማለት አያቴ ማለት ነው።

"ቀዩስ? ከቀይ ሥር?"

"እሱም ሌላ ነው።"

"ያቺ ትንሿስ?"

ሺኒ ሳቀች። "አሁን አገኙ! እሷስ እውነትም ከቅጠል ናት። መቃብር ላይ የምትበቅለዋ አበባ የለች? ሐምራዊዋ፣ አምስት ቅጠል ያላት። የመቃብር ቅጠል የምንላት። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተገኘው ከእሷ ነው።"

ፓይሊ ዝም አሉ። በሕይወቴ ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያቺን አበባ ማን ያጣታል? ከተማ ውስጥ የዘወትር ሙሽራ ብለው በሸክላ ማሰሮ ይተክሏታል፤ የእኛ ሰው ግን ሬሳ ሬሳ ትሸታለች ብሎ ከመቃብር ወዲህ አያስጠጋትም። ሊቀ ቅጠላትም ያንን ሁሉ ዓመት ቅጠል ሲለቅሙ እሷን ብቻ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። በባጃጅ ስንመለስ እስከ ቤታችን ድረስ ያሉት አንድ ነገር ነው፤

"ደብዳቤ ይዤ ሠላሳ አንድ ዓመት በአጠገቧ አለፍኩ። ሮሳማ ላይ በቅላለች እኮ።"

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። አምስተኛው ዙር አምስት ቀን ሲቀረው የዓሣ ወጥ ከእሳት አወርዳለሁ ስል ድስቱ ከእጄ ወጣ። እጄ ተቃጥሎ ኖሮ አልተሰማኝም። ቆዳዬ ሲላጥ በዓይኔ እያየሁ ጣቴ ምንም አይለኝም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ፓይሊ ድስቱ ሲወድቅ ሰምተው በጓሮ በር ገቡ።

"ምንድነው ሞሌ? ምን ሆንሽ?"

"ፈራሁ፣ ፓይሊ ቼታን። ከዚህ በላይ አልችልም። እንዲህ ቁርጥራጬን እየወሰዱት ነው የምሞተው። ያቺ ነገር ቅጠል ከሆነች ቅጠሏን ያምጡልኝ፤ እዚያ ቤት ሁለተኛ አልሄድም!"

ልብ በሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከዚህ መንደር አንድም ሰው ፓይሊን "ያምጡልኝ" ብሎ አያውቅም። ሁላችንም የምንቀበለው እንዲሄዱልን ነው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ አየሁት፤ አይቼ ቃሌን አለማንሣቴ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። እጄን በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡልኝ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉልኝ፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣

"እስከ ነገ ታገሺኝ። መጀመሪያ ልቅመሰው" አሉ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ሆነ። ጃንጥላው የለም። አንድ ተኩል ሆነ። ዝናቡ ይወርዳል። ፓይሊ የጎርፍ ቀን እንኳ አምስት ደቂቃ አርፍደው አያውቁም። አሞኛል ብዬ ተኝቼ የነበርኩት ሴትዮ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ኢቱፕ በብስክሌት እየተንደረደረ መጣ፣ ከራስ እስከ እግሩ ረጥቧል።

"አሌያማ! ፍየላችሁ ተፈትታለች እንዴ?"

"ፍየል የለንም። ምነው?"

"የመቃብሩን አበባ አንድ የተረገመ ነገር ከሥሩ ላጭቶታል! የአባቴ መቃብር ልክ እንዳንቺ..." ሻሼን አየና ደነገጠ። "ይቅርታ። ማለቴ፣ ባዶ ሆኗል።"

"ኢቱፕ፣ ያንን ቅጠል እኮ ፍየል አይበላውም።"

"እኔስ ምን አውቄ! ከነጎረቤቱ አራት መቃብር ጠርጎታል። የፓይሊ ሚስት የሮሳማ ብቻ ነው ያልተነካው።"

ክው አልኩ። ኢቱፕ ሌላም ነገር ተናግሯል፣ አልሰማሁትም። ሻሼ የት እንደወደቀ አላውቅም። ከአራተኛው ዙር ወዲህ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ለመሄድ ሁለቴ የማርፍ ሰው በዝናብ፣ በባዶ እግሬ፣ በባዶ ራሴ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሮጥኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር በአፌ የነበረው፤ "ጌታዬ እንዳይቀምሱት፣ እንዳይቀምሱት።"

ቀምሰውታል። በረንዳቸው ላይ ከግድግዳው ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ሽርጣቸው በትውከት ርሷል፣ ፊታቸው አመድ ነው፣ ላባቸው ይንጠባጠባል። ኩባያዋ አጠገባቸው ተጋድማለች። ምድጃው ላይ ማሰሮ ሙሉ ቅጠል ጠቁሮ ይታያል።

"ፓይሊ ቼታን! ፓይሊ ቼታን፣ ያዩኛል?"

ዓይናቸውን በግድ ገለጡ። "እንዳትጠጪው" አሉ። "ገና... ቀምሼ አልጨረስኩም።"

"ስንት ጠጡ? ይንገሩኝ፣ ስንት ጠጡ?"

"ላንቺ ያሰብኩትን ያህል ነዋ።"

ጮህኩ። ቻኮ መጣ። መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስተው ቻኮ ሰውየውን እንደ ጆንያ ተሸክሞ ዋናው መንገድ ድረስ ሮጠና ባጃጅ ላይ ጫናቸው። እኔ ማሰሮውን ከነቅጠሉ ታቅፌ ገባሁ፤ ሐኪሞቹ ምን እንደጠጡ ማወቅ አለባቸው ብዬ ነው። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ይዤ ነበር። በደነዘዘ ጣቴ የደም ሥራቸውን እፈልጋለሁ፣ አይሰማኝም። እየመታ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ የከፋ ፍርሃት እኔ አላውቅም፤ የራሴም ሕመም እንዲያ አላስፈራኝም።

ድንገተኛ ክፍል ወሰዷቸው። የደም ግፊታቸው ወርዷል፣ ስኳራቸውም ወርዷል፣ ልባቸው ይዘላል አሉን። በሩ ተዘጋ። ኮሪደር ላይ ከቻኮ ጋር ተቀመጥን። ሦስት ወር ሙሉ ስጸልይ የኖርኩት ስለ ራሴ ነው፤ ያን ቀን ስሜን ረሳሁት።

ሲስተር ሺኒ ወሬውን ሰምታ ከላይ ወረደች። ማሰሮውን አየችና ፊቷ ተለወጠ። "እኔ ነኝ" አለች፣ "እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት። ቅጠሉ መድኃኒት ነው አላልኩም እኮ አሌያማ ቼቺ! የጭነት መኪና ሙሉ ደረቅ ቅጠል ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ፣ ከዚያ ሁሉ የምትወጣው የማንኪያ ጫፍ የማትሞላ ነገር ናት። ስንት እንደምንሰጥሽ በቁመትሽ፣ በክብደትሽ አስልተን ነው። ትንሽ ብንሳሳት እሷም ትገድላለች። ቀሪው ደግሞ ማሰሮ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?"

"አንቺ አይደለሽም" አልኳት። "እኔ ነኝ ያምጡልኝ ያልኩት።"

ቀኑ ሊመሽ ሲል ተርፈዋል አሉን። በሁለተኛው ቀን ስገባ ሊቀ ቅጠላት ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ ጣሪያውን ሳይሆን ከረጢቱን እየመረመሩ አገኘኋቸው።

"ሞሌ፣ ይሄ ከምን ቅጠል ነው?"

"ቅጠል አይደለም። ስኳርና ውሃ ነው።"

ትንሽ አሰቡ። "ስኳር ከሸንኮራ አይደል የሚወጣው? ተክል ነው በይኛ!"

ሳቅሁ፣ ሳቄ ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶው ውስጥ ሁሉም ነገር ወጣ። ስለ ሐኪሙ ክልከላ ነገርኳቸው፣ ስለ ፓፓያዋ ነገርኳቸው።

"እሾሃማውን ጊሽጣም ደፋሽው?"

"ደፋሁት።"

"እርዱንም?"

"ሁሉንም ፓይሊ ቼታን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

ዓይናቸውን ወደ ከረጢቱ መለሱ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

"እኔ ግን ሁሉንም ጠጥቻለሁ" አሉ።

ሦስት ወር ሙሉ፣ አንድ ጤነኛ ሰው፣ በየማለዳው፣ ያንን የኩሬ ውሃ። ማንም ላልጠጣው ነገር። እግራቸው ሥር ያለውን አንሶላ ማስተካከል ጀመርኩ። ያ ሁሉ ዙር የዞረ እግር ከአንሶላው ወጥቶ ነበር።

"ማክሰኞ ነው አይደል አምስተኛው?" አሉኝ።

"ማክሰኞ ነው።"

"ትሄጃለሽ?"

እጄን ወደ ኋላዬ ሸሸግኩ።

ደካማውን እጃቸውን አንሥተው አምጪው አሉኝ፤ የተጠቀለለውን እጄን ሰጠኋቸው። አገጫቸውን ቀና ለማድረግ ሞከሩ፣ ትራሱ አልፈቀደም።

"ስሚኝ ሞሌ። እኔ ብዙ ቅጠል ጠጥቻለሁ። አብዛኛው፣ ለሰው አትንገሪ እንጂ፣ ውሃ ነው። ይቺኛዋ ግን ውሃ አይደለችም። ነብር ናት። ማሰር የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ከእነሱ እጅ ውሰጃት። ትሠራለች፤ እመኚኝ።"

ቀጥሎ የሚሉትን አውቄው ነበር። መንደሩ ሁሉ የሚስቅበትን ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ማክሰኞ ዕለት ሄድኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ቻኮ ኮሪደር ላይ ቀረ። ፓይሊ ከታች ባለው ፎቅ ተኝተው የሾርባው ቅጠል ምን እንደሆነ ወጥ ቤቱን አስጠርተው ይጠይቃሉ አሉ። ሺኒ ትንሿን ከረጢት ሰቀለችና ፊቴን አየችው።

"ልጀምር ቼቺ? ወይስ ትንሽ እንጠብቅ?"

ክንዴን ዘረጋሁላት።

"ጀምሪ" አልኳት። "ጎረቤቴ ቀምሰውታል።"